ከአቶሳ እስከ ጎርጎራ፦ ስለ ጡት ነቀርሳ ምርመራ አጭር ታሪክ

የታሪክ ተማሪ ጎርጎራ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ዐፄ ሱስንዮስ ነው። ቀጥሎም በ1622 እዚያው የሞተው ጀስዊቱ ፔድሮ ፓኤዝ፣ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ጣሊያን የሠራው የጀልባ ወደብ። እኔም ጎርጎራን በጽሑፍ ያወቅኋት በዚሁ ብቻ ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት እዚያው ከጣና ዳር እየኖረች፣ ስለ ጎርጎራ ታሪክ ስጽፍ አንድም ቀን እሷ ትዝ ብላኝ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ሄድኩ። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ጎረቤቶች ከተበተኑ በኋላ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ እስቲ ይችን ንኪልኝ» አለችና እጄን ከግራ ጡቷ ሥር አኖረችው። ጠጣር ነገር ነው፤ ሎሚ ያህላል፤ ሲገፉት አይንቀሳቀስም።

«እታለም፣ መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ያምና በፍልሰታ። ያኔ እኮ የሽምብራ ፍሬ ታህል ነበር።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን ልንገር?»

ዓመት ሙሉ ማለት ነው። መጀመሪያ ምች ነው ብላ ቅጠል ቀባችው። ቀጥሎ ጸበል ተጠመቀች። አላመማትምና ደህና ነው ብላ ተወችው። ሐኪም ቤት ያልሄደችበትን ምክንያት ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ለወንድ ሐኪም ጡቴን ገልጬ ላሳይ?» አለችኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ይህንኑ ለዶርም ጓደኞቼ አወራሁላቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ አንዷ «ለመሆኑ እኛስ ከስንት ዓመታችን ነው መመርመር የምንጀምረው?» ብላ ጠየቀች። ስድስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፤ አንዳችንም መልሱን አናውቅም። እኔም የታሪክ ተማሪ እንደመሆኔ መጠን ነገሩን ከሥሩ ልፈልገው ብዬ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ፍለጋ ውጤት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

፩. የንግሥቲቱ ምሥጢር

ስለ ጡት እብጠት ከተጻፉት ጥንታዊ ሰነዶች አንዱ የግብፅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተገለበጠ የሐኪሞች ፓፒረስ፣ በጡት ላይ የሚወጣውን ጠጣር እብጠት ከገለጸ በኋላ ሕክምና እንደሌለው ይናገራል። ሐኪሙ በሽታውን ያውቀዋል፤ የሚያደርገው ግን የለውም።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሄሮዶቱስ ያቆየልን ወሬ ነው። የቂሮስ ልጅ፣ የዳርዮስ ሚስት አቶሳ በጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። እብጠቱ ትንሽ ሳለ አፍራ ደበቀችው፤ ለማንም አልተናገረችም። ፈንድቶ መስፋፋት ሲጀምር ነው ዴሞኬዴስ የተባለውን ግሪካዊ ሐኪም ያስጠራችው። እሱም አዳናት ይላል ሄሮዶቱስ። በሽታው ነቀርሳ ይሁን አይሁን ዛሬ ላይ ሆኖ የሚፈርድ የለም። እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። የፋርስ ንግሥት፣ ሐኪም ከደጇ የማይጠፋ ሴት፣ ያደረገችው የጎርጎራዋ አክስቴ ያደረገችውን ነው። ሁለቱም እብጠቱን ያገኙት በገዛ እጃቸው ነው፤ ሁለቱም ደበቁት።

እንግዲህ ጡት በእኛ ቋንቋ የሚታፈር ቃል ነው እንዳንል አይደለም። ከሃዲውን «የእናት ጡት ነካሽ» እያልን በአደባባይ እንሰድባለን። ጌቶችና መኳንንት «የጡት ልጅ» እያሉ ባዕዱን ልጅ ሲያደርጉ ኖረዋል። ጡት የዝምድና ማሠሪያ፣ የመሐላ ቃል ነው። ሲታመም ግን ስሙ ይጠፋል። ለበሽታው እንኳ አጥርተን የሰጠነው ስም አልነበረም፤ «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ከሳምባ በሽታ ጋራ ስለምናጋራው፣ ብዙ ሰው ነቀርሳ ሲባል የሚታየው ሳል ነው።

፪. ዕድሜ ወደ ነገሩ እንዴት ገባ?

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሃልስተድ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ጡቱን ከደረት ጡንቻው ጋራ አንድ ላይ ማውጣት ጀመረ። ዘዴው እጅግ ከባድ ቢሆንም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆየ። ሐኪሞቹ እየቆዩ ያዩት ነገር ቢኖር በሽታው ቶሎ የተደረሰባት ሴት የተሻለ ዕድል እንዳላት ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው «እንዴት ቶሎ እንድረስበት?» ሆነ።

በ1913 ሰሎሞን የሚባል የበርሊን ቀዶ ሐኪም ተቆርጠው የወጡ ጡቶችን በራጅ እያነሳ ነቀርሳው በፎቶው ላይ እንዴት እንደሚታይ አጠና። የዛሬው ማሞግራፊ መነሻው ይኸው ነው። በ1950 ገደማ ደግሞ አሜሪካኖች ሴቶች በየወሩ ጡታቸውን በእጃቸው እንዲፈትሹ የሚያስተምር ፊልም ሠርተው ማሳየት ጀመሩ። በ1963 በኒው ዮርክ ትልቁ ጥናት ተጀመረ። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 64 የሆነ 62,000 ያህል ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በራጅና በሐኪም እጅ እንዲመረመሩ ተጠሩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሲቆጠር ከተጠሩት መካከል በጡት ነቀርሳ የሞቱት ያነሱ ሆኑ። ዛሬ በየቦታው የምንሰማው የ40 ዓመት ነገር በዚህ ጥናት ጎልቶ ወጣ።

ሆኖም ቁጥሩ እንደ ሕገ መንግሥት አንቀጽ የጸና አይደለም። በ2009 የአሜሪካ መንግሥት የመከላከል ምክር ሰጪ ቡድን ማሞግራፊ በጠቅላላው ከ50 ዓመት እንዲጀመር መከረ። ያው ቡድን በ2024 ሐሳቡን ለውጦ ከ40 እስከ 74 ዓመት፣ በየሁለት ዓመቱ ይሁን አለ። ለምን ተለዋወጠ? ምርመራው ጥቅምም ጉዳትም ስላለው ነው። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ራጁ ውስጡን አጥርቶ አያሳይም፤ ነቀርሳ ያልሆነው ነቀርሳ ይመስልና ጤነኛዋ ሴት በከንቱ ትቆረጣለች፣ በከንቱ ትጨነቃለች። ዕድሜ ሲገፋ በሽታውም ይበዛል፣ ራጁም ይጠራል። የዕድሜው መስመር የሚሰመረው ሁለቱን በመመዘን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በመስከረም 1974 እኛ አገር ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት በዚያው ወር፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሚስት ቤቲ ፎርድ በነቀርሳ ምክንያት ጡታቸው ወጣ። ሴትዮዋ አልደበቁትም፤ ለጋዜጣ ይፋ አደረጉት። ወዲያው በየሐኪም ቤቱ የሚመረመሩ ሴቶች ቁጥር ከፍ አለ። ያን ጊዜ የተፈለሰፈ አዲስ መሣሪያ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ብትናገር ነው።

፫. የደምቢያ ሜዳ

ይህ ሁሉ በውጭ አገር ሲሆን እኛ ጋስ ምን ነበር? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ የሚገባው መንገድ የደምቢያን ሜዳ ሰንጥቆ ያልፋል። በ1953 በዚህ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። አዝመራ የሚሰበስብ፣ ሬሳ የሚያነሳ የጠፋበት ቀበሌ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች።

የዚህ እልቂት ፍሬ የሆነው በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ርዳታ የተቋቋመው ይህ ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ሠራተኞች አሠለጠነ፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን። ሦስቱ በቡድን ሆነው ገጠር ይወርዳሉ። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ጤና ጣቢያዎች አንዱ የቆመውም በዚሁ መንገድ ላይ፣ ቆላ ድባ ነው፤ ተማሪዎቹ የተለማመዱበት ነበር። በ1978 ደግሞ ጎንደር በላይፕሲክ ከተማ ከነበረው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ የሐኪሞች ትምህርት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ወባ ኮሌጅ ያስከፈተው በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ገድሎ ስለታየ ነው። የሴት ጡት ነቀርሳ ግን እንዲያ አይመጣም። አንዷን በጎርጎራ፣ አንዷን በጯሂት፣ አንዷን በደልጊ፣ በየጓዳው ነው የሚወስደው። እንደ ወረርሽኝ አያስለቅስም፤ ለቅሶው የየቤቱ ነው። ወባና ፈንጣጣ፣ ግርሻና የወሊድ ሞት በነገሡበት ዘመን የጤና ሠራተኛው ለዚህ ጊዜ ባያገኝ አይፈረድበትም። ያልታየ በሽታ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ደግሞ በጀት የለውም።

መቁጠሩ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። የነቀርሳ ሕመምተኞችን በመዝገብ የሚይዘው የአዲስ አበባ ምዝገባ ሥራውን የጀመረው በ2011 ነው። ሲቆጠር ምን ተገኘ? ከሴቶች ነቀርሳ ሁሉ አንደኛው የጡት ሆነ፤ ሲሶ ያህሉን የያዘው እሱ ነው። ሁለተኛው የማሕፀን በር ነቀርሳ ነው። ብዙዎቹ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መሆኑም ታወቀ። በጨረር ማከሚያ ረገድ ደግሞ በ1990ዎቹ መገባደጃ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተከፈተው ክፍል በቀር ከሃያ ዓመት በላይ በአገሪቱ ሌላ አልነበረም። ከጎርጎራ አዲስ አበባ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን።

፬. የሻንጋይና የቦምባይ ሴቶች

ማሞግራፊ በሌለበት አገር ሴቶች በየወሩ ራሳቸውን ይፈትሹ የሚለው ምክር ርካሽና ቀላል ይመስላል። እኔም መጀመሪያ መልሱ ይኸው ነው ብዬ ነበር። ቻይናዎች ግን ነገሩን ፈተኑት። ከ1989 ጀምሮ በሻንጋይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ 266,064 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ጡታቸውን በየወሩ እንዴት እንደሚፈትሹ በጥንቃቄ ተማሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ውጤቱ በ2002 ሲወጣ ከተማሩት 135፣ ካልተማሩት 131 ሴቶች በጡት ነቀርሳ ሞተዋል። ልዩነት የለም ማለት ነው። የተማሩት ነቀርሳ ያልሆኑ እብጠቶችን አብዝተው አገኙ፤ ለናሙናም አብዝተው ተቆረጡ። ከዚህ በኋላ የአሜሪካ የነቀርሳ ማኅበር በ2003 በየወሩ መፈተሽን እንደ ግዴታ መምከሩን ተወ።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፤ እውነቴን ነው። ታዲያ ምን ቀረልን? በኋላ ግን አክስቴ ትዝ አለችኝ። እሷ እኮ ማንም ሳያስተምራት፣ ልብስ ስትቀይር የሽምብራ ፍሬ የምታህለውን ነገር አግኝታታለች። እጇ አልሰነፈም። የሻንጋይ ሴቶችም ቢማሩ ባይማሩ እብጠታቸውን ያገኙ ነበር፤ አግኝተውም የሚሄዱበት ሐኪም ነበራቸው። አክስቴ የጎደላት ማግኘት ሳይሆን ካገኘች በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ነው፦ የምትነግረው ሰው፣ የምትሄድበት ቦታ፣ የምትሳፈርበት ገንዘብ።

ሁለተኛው ጥናት የሕንድ ነው። በ1998 በቦምባይ ከተማ ድሃ ሰፈሮች ተጀመረ፤ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 የሆኑ 151,538 ሴቶች ገቡበት። ማሞግራፊ የለም። አሥረኛ ክፍል ያህል የተማሩ ሴቶች ተመልምለው፣ ጡትን በእጅ መመርመር ሠልጥነው በየሁለት ዓመቱ ሴቶቹን መረመሩ። በ2021 በወጣው ውጤት መሠረት በተመረመሩት ዘንድ በሽታው የተገኘው ቀደም ባለ ደረጃ ነው። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት በበሽታው መሞት በመቶ 30 ያህል ቀነሰ። ከ50 በታች ባሉት ግን ሞት አልቀነሰም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። በገጠር ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው፤ ሲጀመርም አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት ሠልጥነው ነው የወጡት። የቦምባዮቹ ዓይነት ሰዎች ማለት እኮ ናቸው! ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ በስም ይታወቃሉ። «ለወንድ ሐኪም ጡቴን ላሳይ?» ላለችው አክስቴ መልሱ ከቤቷ ደጃፍ ነበር። ለእነዚህ ሴቶች የጡት ምርመራን ሥልጠና በሥራቸው ላይ ማከል፣ ያገኙትንም ሴት ያለ ውጣ ውረድ የምትታከምበት ሆስፒታል ማድረስ፣ በእኔ አስተያየት ከብዙ ማሽን ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 በጀመረው የጡት ነቀርሳ ዕቅዱ ምልክት ይዛ ጤና ተቋም የመጣች ሴት ከመጣችበት ጊዜ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ የሚል ግብ አስቀምጧል። አክስቴ ጓዳዋ ውስጥ የፈጀችው ከሦስት መቶ ቀን በላይ ነው።

፭. ታዲያ ከስንት ዓመት?

የዶርም ጓደኛዬን ጥያቄ ሳልመልስ ብጨርስ ጽሑፉ ቧልት ይሆናል። እነሆ ያገኘሁት።

በእኛ ዕድሜ፣ በሃያዎቹ፣ ማሞግራፊ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የገዛ ጡታችንን መልክና ሁኔታ ማወቅ ነው፤ የወር አበባ ካበቃ በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙም እብጠቱም ስለሚቀንስ ያን ጊዜ ቢታይ ይሻላል። አዲስ እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም፣ በብብት ሥር የሚዳሰስ ነገር ከታየ፣ የሚቀጥለውን ወር አበባ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። በወጣት ሴት የሚገኘው አብዛኛው እብጠት ነቀርሳ አይደለም። ስላላመመ ግን ደህና ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ነቀርሳው ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። እናቷ ወይም እህቷ በወጣትነቷ በዚህ በሽታ የተያዘች ልጅ ደግሞ እኩዮቿን ሳትጠብቅ ቀደም ብላ ሐኪም ታማክር።

40 የሞላቸው እናቶቻችንና አክስቶቻችን ምንም ሳይሰማቸው በሠለጠነ እጅ ይመርመሩ፤ ማሞግራፊ በሚገኝበት ቦታ ደግሞ ሐኪም አማክረው በየሁለት ዓመቱ ይነሱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በአገራችን የጡት ነቀርሳ በአርባዎቹ፣ እንዲያውም ከዚያ በታች ባሉ ሴቶች ብዙ ጊዜ ይታያል። አንዱ ምክንያት ሕዝባችን በጠቅላላው ወጣት መሆኑ ነው። ስለዚህ «ይህ የአሮጊት በሽታ ነው» የሚል መጽናኛ ለእኛ አይሠራም።

ለማሕፀን በር ነቀርሳ ግን መልሱ ጥርት ያለ ነው፦ በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት። ከ30 በፊት ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ወደ ነቀርሳ ለመለወጥም ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ምርመራው ኮምጣጤ በመሰለ አሲድ ተቀብቶ በዓይን የሚታይ ነው፤ የተለወጠ ነገር ከተገኘም በዚያው ቀን በብርድ ሊታከም ይችላል። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴት ቀደም ብላ ትጀምራለች። ክትባቱም በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል፤ ታናናሽ እህቶች ያሏችሁ ጠይቋቸው።

አክስቴን በዚያው ሳምንት ከእናቴ ጋራ ሆነን ጎንደር አመጣናት። ተቆርጦ ወጣላት፤ ብብቷ ሥር ደርሶ ነበርና መድኃኒቱ አሁንም አላለቀም። ትድናለች ብሎ ደፍሮ የነገረን የለም። የሽምብራ ፍሬ ታህል በነበረ ጊዜ ብትናገር ኖሮ የሚለውን ማሰብ እናቴ አትወድም፤ እኔ ግን ሳላስበው አልውልም።

በ1974 መገባደጃ በዩኒቨርሲቲና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩ ተማሪዎች በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተልከው ነበር። ዛሬ እኛን የሚያዘምተን የለም፤ ግን ክረምት ሲገባ በየአገራችን መበተናችን አይቀርም። ጎርጎራ የምትሄዱ፣ ደልጊ፣ ዘጌ፣ ባሕር ዳር፣ እብናት የምትገቡ፣ ቡናው ሲያበቃ እናታችሁን ወይም አክስታችሁን ብቻዋን አግኝታችሁ «በጡትሽ ላይ የተለወጠ ነገር አለ?» በሏት። ወንዶች ጓደኞቻችን ቢያፍሩ በእህቶቻቸው በኩል ያስጠይቁ። አለ ካለች ዓመት አታስቆጥሯት፤ በማግስቱ ይዛችኋት ሂዱ።